ንዳዱን ለመጨረሻ ያቆየው ሰው

እግሩ የማይደክም፣ ዓይኑም ምንም የማያልፈው አንድ ሰው ነበረ።

ቆይ፣ ፊትሽን አትከስክሺ። የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ስለ ትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውሃ ያጠናሽውን ነገ ጠዋት በወረዳው አዳራሽ ልታቀርቢ ነው። ሃያ ደቂቃ ሰጥተውሻል። ያዘጋጀሽው ግን ሲነበብ ምሳ ሰዓትን ያልፋል፤ «መምህር፣ ከየቱ ልቀንስ?» ብለሽ መጣሽ። በአንድ ቃል ብመልስልሽ «እሺ» ብለሽ ትወጪና ነገ መድረክ ላይ ስትቆሚ የለመድሽውን ታደርጊያለሽ። አውቅሻለሁ፤ ሐመልማል ማለት እሺ ብላ የራሷን የምታደርግ ልጅ ናት። ስለዚህ ላፕቶፑን ዝጊውና ስሚኝ።

የሰውዬው አገር ደጋ ነበር። መሬቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲቆራረስ ኖሮ፣ ለአንድ ጎረምሳ የሚደርሰው ከጓሮ የማይሻል ሆነ። እሱም ጭንጫ ነው፤ የዘሩበትን ያህል እንኳ አይመልስም። ጎረቤት ጎረቤቱን በድንበር ይከሳል። ወንድም ከወንድሙ ጋር በአንድ ትልም ይጣላል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው መከሩና፣ ከገደሉ በታች ወዳለው ቆላ ወርደን ብንሰፍርስ አሉ። ባዶ መሬት አለ ይባላል፤ ያየው ሰው ግን የለም። እንግዲያው መጀመሪያ አንድ ሰው ወርዶ ይየው ተባለና ያ ሰው ተመረጠ። አገሩ ሁሉ ያምነው ነበር።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥፋት ተሠራ፤ የሱ ብቻም አይደለም። ስንቁን አንጠልጥሎ ሲነሳ ሽማግሌዎቹን «ምኑን ልይላችሁ?» አላቸው። «ሁሉንም እይ» አሉት። ወይ ሁሉንም! ሁሉንም እይ የተባለ ሰው ምን እንደሚያይ ታውቂያለሽ? ያማረውን ያያል። «ልጆቻችንን ይዘን ብንሰፍርበት ያኖረናል ወይ? ይህን አጣርተህ ና» ቢሉት ኖሮ፣ የሚያየውም የሚጠይቀውም ከዚያ ይመዘዝ ነበር፤ ሲመለስም ከምን እንደሚጀምር ባልጠፋው። አንቺስ ዓምና ስትመጪ «በወረዳችን ያለው አጠቃላይ የውሃ ሁኔታ» አልነበር ያልሽኝ? ስንቴ መለስኩሽ? «እኚህ ሰውዬ ልባቸው አይራራም» ብለሽ ለጓደኞችሽ እንዳወራሽ ሰምቻለሁ። ይሁን፤ አልተቀየምኩም።

ሰውዬው ወረደ። ወርዶም ልቡ ቅቤ ጠጣ። አፈሩ ጥቁር ነው፤ ማረሻ ሳይነካው የሚበላ ይመስላል። ማሽላው ሰው ገብቶበት አይታይም። ወንዙ በበጋ አይነጥፍም። በየዛፉ ንብ ሰፍሯል። ያገኘው ሰው ሁሉ እንግዳ ተቀባይ ነው፤ ወተት ያጠጣዋል፣ የራሱን መደብ ይለቅለታል። ሰውዬው ያየውን ሁሉ በልቡ እየያዘ ዞረ።

ሊመለስ ሲል ግን አንድ ነገር ዓይኑ ውስጥ ገባ። ወንዙ ዳር፣ ሣሩ ውስጥ፣ ጉልቻ ቆሟል። ቤት ግን የለም። ራቅ ብሎ ሌላ ጉልቻ አለ፤ እዚያም ቤት የለም። ጉልቻ ካለ ድስት የጣደ ሰው ነበረ ማለት ነው፤ ታዲያ የት ሄደ? ሌላው ቢሆን ረግጦት ያልፍ ነበር። እሱ መንገዱን ትቶ ቆየ። ይህን የምነግርሽ ሞኝ እንዳይመስልሽ ብዬ ነው። ጎበዝ አጥኚ ነበር።

ቆይቶ ሲያጤን፣ የቆላው ሰው ቀን ቀን ታች ያርሳል፤ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ሁሉም ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ ጉብታው ይወጣል። ታች የሚያድር አንድ ሰው የለም። አንዱን አራሽ አስቁሞ ጠየቀው።

«ወባ ነዋ፣ ንዳዱ!» አለው አራሹ፤ ይህን የማያውቅ ሰው መኖሩ ገርሞታል። «ክረምት ወጥቶ ውሃው በየስርጓዳው ሲተኛ ይነሳል። እኛም ድሮ ታች ቤት ነበረን። ልጆቻችንን ጨረሰብንና ወጣን። ቀን እረስበት፣ እጨድበት፤ ብቻ አትደርበት።»

ሌላ ሰው ጠየቀ፤ ያው ነው። ሦስተኛም ጠየቀ። ጉብታው ላይ ወጥቶ አየ፤ እዚያ ልጆች ይሯሯጣሉ፣ ሰው ጤነኛ ነው። በቃ፣ ነገሩ ተገኘ። ልብ በይ፣ ያገኘው ክፉ ወሬ ብቻ አልነበረም። መሬቱ ሰው ያኖራል፤ ማሳ ከታች፣ ቤት ከላይ ይሁን እንጂ። በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር ነው። አገር የሚያድን ነገር በአንድ ትንፋሽ! እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው፤ ይህን ታሪክ ባወራሁት ቁጥር ይሄ ያናድደኛል።

አሁን ልማዳቸውን ልንገርሽ፤ የኛም ልማድ ነው። መርዶ በር ላይ አይወረወርም። የሞተበት ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል። ዘመድ ቀስ እያለ ይሰበሰባል። ወሬው ዳር ዳሩን ይነካካል፤ ኋላ ነው የሚረዳው። ደርሶ ያፈረጠ ሰው «ጨካኝ» ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን ይወራበታል። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ሟቹ አንዴ ሞቷል፣ መዘግየቱ ማንንም አይገድልም። ይሄ ሰውዬ ግን ገደሉን እየወጣ «የያዝኩት መርዶ ነው» ብሎ አሰበ። ገና ማን ሞተና! «መጀመሪያ ልባቸውን ላሳርፍ፤ ደጉን ላስቀድም፤ ንዳዱን መጨረሻ ላይ ቀስ ብዬ አነሳዋለሁ» አለ።

እህት ነበረችው። ባሏ ሞቶባት ከትንንሽ ልጆች ጋር የቀረች፣ የባሏ ወንድሞች ከመሬቷ የነቀሏት ሴት ናት። በወንድሟ ጓሮ ጎጆ ቀልሳ ትኖር ነበር። ገና ከሩቅ ስታየው ሮጣ ተቀበለችው።

«ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነው? ለኔ የሚሆን ይገኝ ይሆን?» አለችው።

ከኋላዋ የመጡትን ልጆች አየ። አንጀቱን በሉት። ሊነግራት አፉን ከፈተና መለሰው። «በጉባኤው ፊት ትሰሚዋለሽ። ከሽማግሌዎቹ በፊት ላንቺ ማውራት ነውር ነው» አላት። ነውር መጠበቁ ነው እንግዲህ።

ጉባኤው ተቀመጠ። ጊዜው የመኸር ነበር፤ እህሉ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ሰማዩም ከወዲያ በኩል ጠቁሯል። ሰው ሁሉ አንድ ዓይኑ ተናጋሪው ላይ፣ አንድ ዓይኑ ደመናው ላይ ነው። ሰውዬው ቆመ። አስቀድሞ ለዚህ ክብር ስላበቁት ሽማግሌዎቹን አመሰገነ፤ በየተራ፣ በየማዕረጋቸው፤ አንዱን ቢዘል ቅያሜ ነው። ቀጥሎ ከቤቱ እንዴት እንደወጣ፣ ገደሉን በየት በኩል እንደወረደ፣ እሾህ የት ጋ እንደወጋው ተረከ። ቀጥሎ ያሳደሩትን ሰዎች፣ ወተት ያጠጡትን ሰዎች አነሳ። ሳያነሳቸው ቢያልፍ ውለታ መብላት መስሎት ነው። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ልፋቱ እንዲታወቅለት ፈልጎ ነበር። ሰው ያን ያህል ተንከራትቶ ሁለት ቃል ተናግሮ ቁጭ ቢል ድካሙ ከንቱ የሚቀር ይመስለዋል። አንቺንም የያዘሽ ይኸው ነው፤ አትሳቂ።

ከዚያ ወደ መሬቱ ገባ። ጥቁሩን አፈር በጨርቅ ቋጥሮ አምጥቶ ነበርና ፈትቶ አሳየ። ጉድ ፈላ! አፈሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሰው አሸተተው፣ በጣቱ ፈተገው። አንድ ሽማግሌ አልቅሰው ግንባራቸውን ነኩበት። ሰውዬውም ስለ ማሽላው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ ንቡ እያሳመረ ቀጠለ። ደግሞ ሲናገር ያምርበት ነበር፤ ጠላት እንኳ ቁጭ ብሎ ይሰማዋል። ንዳዱን በሆዱ እንደያዘ ነው ይህን ሁሉ የሚያወራው። «አሁን፣ አሁን እነግራቸዋለሁ» ይላል፤ ግን ፊታቸው ሲፈካ ሲያይ ሌላ አንድ ደግ ነገር ይጨምርላቸዋል።

እህቱ ልጇን እንዳዘለች ከሴቶቹ መሀል ብድግ አለች። እልል አለች። ዘወር ብላም ወደ ጎጆዋ ሮጠች፣ ዕቃዋን ልትሸክፍ። እሷ ስትነሳ ሴቶቹ ተነሱ፤ ሴቶቹ ሲነሱ ጎረምሶቹ ተነሱ። ያን ጊዜ ዝናቡ ጠብ ጠብ አለና የቀረው ሰው እህሉን ሊከድን ወደ አውድማው ተበተነ። ሰውዬው እጁን አንስቶ «ኧረ ቆዩ! አንድ ነገር ይቀረኛል!» ብሎ ጮኸ። እኚያ ያለቀሱት ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«ደክመሃል ልጄ። የቀረውን ሌላ ጊዜ ታጫውተናለህ። ተባረክ» አሉት።

መርቀውት ሄዱ። እሱም ባዶ ጉባኤ ፊት ቆሞ ቀረ።

በነጋታው ከቤት ቤት ዞረ። አሁን ንዳዱን አስቀድሞ ነገራቸው፤ ግን ማን ይስማው? «ትናንት አፈሩን ያስሸተትከን አንተ አይደለህም እንዴ?» ይሉታል። አንዱ «ደህና ደህናውን ለራሱ ሊያስቀር ነው» አለ። ሌላው «ባላባቱ ገባሮቹ እንዳይሸሹበት ጠርቶ አነጋግሮታል» አለ። ሽማግሌዎቹ እንኳ «እንዲህ ያለ ነገር ቢኖርማ መጀመሪያ የምትነግረን እሱን ነበር» አሉት። ይህን ምን ብሎ ይመልሳል? እውነታቸውን እኮ ነው። ሰሚ ትልቁ ነገር ቀድሞ የተነገረው ይመስለዋል፤ ኋላ የመጣውን እንደ ተራ ወሬ ያልፈዋል።

እህቱ ዘንድ ሲደርስ ዕቃዋን አህያ ላይ ጭናለች።

«እባክሽ እህቴ፣ መውረዱን ውረጂ፤ ቤትሽን ግን ጉብታው ላይ ሥሪ። ታች አትደሪ» ብሎ ለመናት።

ቀና ብላ አየችው። «ለኔ መሬት ሲገኝ ነው ንዳድ የመጣው?» አለችው። ገመዱን አጥብቃ አሰረችና አህያዋን ነዳች።

ወረዱ። የቆላው ሰዎች «ኧረ ተዉ፣ እዚህ አይታደርም» ቢሏቸው፣ ከመሬቱ ሊያስነሱን ነው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ወንዙ ዳር፣ ማሳቸው አጠገብ ቤት ሠሩ። ክረምቱ ደግ ነበር፤ ማሽላው ከሰው በላይ ቆመ። ክረምቱ ወጣና ውሃው በየስርጓዳው ተኛ። ከዚያ በየቤቱ አንዱ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቀጥሎ ሁለቱ። ቀድሞ የወሰደው ልጆቹን ነው። ያን ማሽላ የሚያጭድ ጉልበት ስላልነበረ ወፍ በላው።

ሰውዬው ወሬውን ሰምቶ ወረደ። እህቱን ደጃፏ ላይ ተቀምጣ አገኛት። ቤቱ ውስጥ ድምፅ የለም። ልጆቹ የት እንዳሉ መጠየቅ አላስፈለገውም፤ ከቤቱ ጀርባ አፈሩ ገና ትኩስ ነበር። አጠገቧ ቁጭ አለ።

«እውነትህን ነበር» አለችው።

ከዚያ ዘወር ብላ ጠየቀችው።

«ያን ቀን አፈሩን ስታሳየንም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«መጀመሪያ ብትለው ኖሮ እኮ ቁጭ ብዬ እሰማህ ነበር» አለችው። አልጮኸችበትም። ብትጮህበት ይሻለው ነበር።

እንግዲህ ሐመልማል፣ ያ ሰውዬ አንቺ ነሽ።

ያዘጋጀሽውን አይቼዋለሁ። መጀመሪያ ምስጋና ነው፤ ለወረዳው፣ ለውሃ ጽሕፈት ቤቱ፣ ለትምህርት ክፍሉ። እኔንም አልማርሽኝም፤ ፎቶዬን ለጥፈሽበታል። ማን ለጥፊ አለሽ? ከዚያ የወረዳው አቀማመጥ፣ የአየር ጠባዩ። እዚያው ተወልደው ላረጁ ሰዎች አገራቸው ሞቃት መሆኑን ልትነግሪያቸው! ከዚያ ሌሎች የጻፉት። ከዚያ ናሙናውን በምን ዓይነት ዕቃ እንደቀዳሽ፣ ወደ ላቦራቶሪ በምን መኪና እንደወሰድሽ፣ መኪናው የት እንደተበላሸ። ከዚያ ያ የቀለም ብዛት፣ እየተሽከረከረ የሚገባው ሥዕል፤ ያ በጨርቅ የተቋጠረው አፈር ነው። ሰብሳቢው ሰዓቱን ሲያይ፣ ሰው ወንበሩን ሲያንቀሳቅስ፣ በመጨረሻው ስላይድ፣ በትንንሽ ፊደል፣ «የፍሎራይድ መጠኑ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኝቷል»። ተገኝቷል! ይህን ሰምቶ ጀሪካኑን የሚያስቀምጥ ማን ነው?

ምክንያትሽንም ነግረሽኛል። ጉድጓዱን የመረቁት ሰዎች የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሪባን የቆረጡለትን ውሃ ገና አፌን ስከፍት ባጣጥለው ይቀየሙኛል፤ ቀስ ብዬ ልግባ አልሽ። ደግሞም ትምህርት ክፍሉ ያስተማረን ቅደም ተከተል እንዲህ ነው አልሽ። ልክ ነው፤ ለወረቀቱ ጠብቂው። ፈታኞችሽ ተቀምጠው ያነቡታል፣ ጊዜ አላቸው፣ ለዚያም ደመወዝ ይበላሉ። ነገ የኋላ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እናቶች ግን ጀሪካናቸውን ውጭ አሰልፈው ነው የሚገቡት። ተራቸው ደረሰ ሲባሉ ተነስተው ይወጣሉ። አንቺ ገና ምስጋናሽን ሳትጨርሺ ይወጣሉ። የሚሄዱትም ወደዚያው ጉድጓድ ነው።

የታናሽ እህትሽ ጥርስ መበለዙን አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። ጥርሱስ ይሁን፤ አጥንት አንዴ ከጎበጠ አይቃናም፤ ይህን አጥንተሽ ያመጣሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ አይደለሁም። የላይኛው ምንጭ ደህና መሆኑንም ለክተሽ አምጥተሻል። ታዲያ ይህን ይዘሽ ስለ መኪናው መበላሸት ታወሪያለሽ? ከየቱ ልቀንስ አልሽኝ። ከየቱ ልጀምር ብለሽ ብትመጪ ኖሮ መቀነሱን ራስሽ ትጨርሺው ነበር።

በይ ተነሺ። እዚያ በሩ ጋ ቁሚ። እኔ ጀሪካኗን ያሰለፈች እናት ነኝ። ጀምሪ።

«በቅድሚያ ይህን መድረክ ላመቻቹልን…» በቃ! በቃ አልኩሽ! ተነስቼ ወጣሁ። ቀዳሁ። ልጄን አጠጣሁ። እንደገና ጀምሪ።

ምን ያስለቅስሻል? ማልቀስሽ ካልቀረም አልቅሺና ጀምሪ።

እህ። እንደሱ። ድምፅሽን ከፍ አድርጊና ድገሚው። «የትምህርት ቤቱ ጉድጓድ ውሃ የልጆቻችሁን አጥንት ያጎብጣል። ለልጅ አታጠጡ። የላይኛው ምንጭ ደህና ነው፣ ከዚያ ቅዱ።» ከዚህ በኋላ እንዴት እንዳወቅሽ ትነግሪያቸዋለሽ፣ በልካቸው። ምስጋናው ጊዜ ከተረፈ ይደርሳል። የፊት ወንበር የተቀመጠው ይቀየም፤ ቢፈልግ ነገ እኔን ይጥራኝ።

ምንጩ ሩቅ ነው፤ አውቃለሁ። ሰምተውም ወደ ጉድጓዱ የሚመለሱ ይኖራሉ። ሰምተው ከጠጡት ጥፋቱ የነሱ ነው። ሳይሰሙ ከጠጡት ያንቺ ነው።